ጥይት የማትችለዋ ጀልባ

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ቨርጂኒያ ቢች አሸዋ ላይ ጥላ ዘርግተን፣ ልጆቹ ጉድጓድ ሲምሱ እኛ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ተቀምጠናል። ከባሕሩ በኩል የአውሮፕላን ሞተር የሚመስል ጉርምርምታ መጣና ወሬያችንን አቋረጠው። ቀና ስንል የሚታየው ነጭ የውኃ ጉም ነው። ጉሙ መሃል ግራጫ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ከኋላው ሁለት ግዙፍ ፕሮፔለሮች ይሽከረከራሉ። ዳርቻውን ታኮ አለፈንና ከዓይናችን ራቀ። ለአካባቢው ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምሥራቅ ጠረፍ ሆቨርክራፍቶች (በአየር ትራስ ላይ ተንሳፍፈው ውኃውንም መሬቱንም የሚሄዱ ማሽኖች) መቀመጫ የሆነው ሊትል ክሪክ እዚያው ጥግ ነው። የኛዎቹ ግን ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ።

አጎቴ አልቀረጹም። ጋሼ የቀድሞው ባሕር ኃይል ሰው ናቸው፤ ምጽዋና ዳህላክ አገልግለዋል፣ ከሶቭየት በመጡት አራጋፊ መርከቦች ላይ ሠርተዋል። ስለዚያ ዘመን ካልተጠየቁ አያወሩም፣ ተጠይቀውም ቁጥብ ናቸው። እኔ ደግሞ የማሽን ነገር ሲነሳ ልጅነቴ ይመለሳል። «ጋሼ፣ አዩልኝ ይቺን? ውኃውንም አሸዋውንም እኩል ነው የምትሮጥበት! ታንክ ትጭናለች እኮ፤ ሙሉ ታንክ!» አልኳቸው።

«አየኋት» አሉ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሱ። ትንሽ ቆይተው፣ «ጥይት ትችላለች?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም መልስ ፈልገው የጠየቁ አይመስሉም፤ ወደ ዳቦ ቆሏቸው ተመለሱ። ጥያቄዋ ግን እኔ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስለ ሆቨርክራፍት እያነበብኩ ያመሸሁት በሷ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማሽን የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከፍጥነቷና ከምትጭነው ክብደት ነው። ጋሼ የጀመሩት ከሌላ ጫፍ ነው፤ ያንን ጫፍ ይዞ የጎተተ ሰው ደግሞ ታሪኩ ሙሉውን ተግተልትሎ ይመጣለታል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።)

## መሬት የነካች መርከብ

በኋላ ጋሼ በስልክ ያስረዱኝን ላስቀድም። አራጋፊ መርከብ ወደ ዳርቻ ስትቀርብ፣ ገና ራቅ ብላ ሳለች ከኋላዋ መልሕቅ ትጥላለች። ገመዱን እየለቀቀች ትሄድና ሆዷን አሸዋው ላይ ታሳርፋለች፤ የፊት በሯን ከፍታ የጫነችውን ታወርዳለች። ስትመለስ ያንኑ የኋላ መልሕቅ እየሳበች ራሷን ታላቅቃለች። «መውጣቱ ምንም አይደል» አሉኝ፤ «መመለሱ ነው ሥራው። ባሕሩ ከጎደለብህ እዚያው ተተክለህ ታድራለህ።»

ለዚህ የሚሆን ዳርቻ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ተዳፋቱ ልክ የሆነ፣ አለት የሌለው፣ ጭቃ ያልሆነ መሆን አለበት። ይሄን ጠላትም ያውቃል። ካርታውን ዘርግቶ «በዚህ ወይም በዚያ ካልሆነ አይመጡም» ይልና መድፉን እዚያው ይተክላል።

የዚህ ዋጋ ታራዋ ላይ ታይቷል። ኖቬምበር 20 ቀን 1943 የአሜሪካ ማሪኖች (ከባሕር ወደ የብስ ወርዶ የሚዋጋው ጦር) በፓስፊክ ውቅያኖስ ከታራዋ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን ቤቲዮ የምትባለውን ደሴት ሊይዙ ሲቀርቡ፣ ደሴቲቱን የከበበው የኮራል አለት ላይ ያለው ውኃ ካሰቡት በታች ሆኖ ቆያቸው። ሰው የጫኑት ጀልባዎች ለመንሳፈፍ ከሜትር በላይ ጥልቀት ይፈልጋሉ፤ አለቱ ላይ ያ የለም። ጀልባዎቹ እዚያው ቀሩ። ወታደሩ ዘሎ ወረደና ደረቱ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ጠመንጃውን ሽቅብ ይዞ፣ ከፊቱ መትረየስ እያርከፈከፈበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ። አለቱን መሻገር የቻሉት በሰንሰለት እየተሳቡ የሚወጡት ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ እነሱም በቂ አልነበሩም። ውጊያው በ76 ሰዓት አለቀ። ከአሜሪካኖቹ ወገን ብቻ ወደ 1000 የሚጠጋ ሰው ሞተ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ኮሪያ ውስጥ ኢንቾን ላይ ደግሞ ችግሩ ጭቃ ነበር። እዚያ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 9 ሜትር ይደርሳል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው የሚያሰምጥ ረግረግ ነው። ትልልቆቹን መርከቦች የሚያደርስ ሙላት በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚገኝ፣ የውጊያውን ቀን የቆረጠችው ጨረቃ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1950 በጠዋቱ ሙላት ወደቡ አጠገብ ባለችው ወልሚዶ ደሴት ላይ የወረደው ሻለቃ፣ የማታው ሙላት ሌላውን ጦር እስኪያመጣለት ድረስ ቀኑን ብቻውን ዋለ። የኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በማግስቱ ዓመት በፑሳን ወደብ በኩል ነው፤ ይሄ ፈተና አልገጠመውም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ ሲናገር፣ በተለመደው አራጋፊ ጀልባ ሊወጣበት የሚቻለው የዓለም ባሕር ዳርቻ 15 በመቶ ገደማ ነው። በሆቨርክራፍት ሲሆን ከ70 በመቶ በላይ ይሆናል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

## የድመት ምግብ ቆርቆሮ

ሆቨርክራፍትን የፈጠረው ሰው ስለ ጦርነት እያሰበ አልነበረም። ክሪስቶፈር ኮከረል ማርኮኒ ኩባንያ ውስጥ በሬዲዮና በራዳር ሥራ የቆየ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1950 ሥራውን ለቆ ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ አነስተኛ የጀልባ መሥሪያ ያዘ። የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነበር፤ ጀልባ ጉልበቷን የምትጨርሰው ከውኃው ጋር በመታገል ነው፤ ታዲያ በጀልባዋና በውኃው መካከል አየር ቢገባስ?

በ1955 ያደረገው ሙከራ ዛሬም ይወራለታል። ባዶ የድመት ምግብ ቆርቆሮ ወስዶ በሚበልጠው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው። በሁለቱ መካከል በተረፈው ቀጭን ክፍተት አየር እየነፋ፣ ግፊቱን በወጥ ቤት ሚዛን ለካ። ያው አየር በአንድ ቆርቆሮ አፍ ዝም ብሎ ሲነፋ ከሚሰጠው ግፊት፣ በዙሪያ ክፍተቱ ሲወጣ የሚሰጠው በለጠ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዙሪያው የሚወጣው አየር መጋረጃ ይሆናል፤ መጋረጃው መሃል የታፈነው አየር ደግሞ መውጫ ሲያጣ ማሽኑን ወደ ላይ ይገፋል። ሐሳቡ ይሄው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ በተገኘ ዕቃ ተጀመረ።

ከዚያ የመንግሥት ቢሮ ማንኳኳት መጣ። ኮከረል በኋላ እየሳቀ ይተርከው እንደነበረው፣ ባሕር ኃይሉ «ይሄ አውሮፕላን ነው» አለ፣ አየር ኃይሉ «ይሄ ጀልባ ነው» አለ፣ ምድር ጦሩ ጭራሽ ነገሬም አላለው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ። በዚህ ላይ ፈጠራው ምስጢር ነው ተብሎ ታሸገበት፤ የማይፈልጉትን ነገር ሌላ እንዳያየው መደበቅ የቢሮክራሲ የተለመደ ጠባይ ነው መሰለኝ። እገዳው በ1958 ተነሳና የመንግሥት ገንዘብ ተገኝቶ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ካውስ ከተማ ያለው የሳንደርስ-ሮ ፋብሪካ የመጀመሪያዋን ሰው የሚሳፈርባት ሆቨርክራፍት ሠራ። ስሟ ኤስ.አር.ኤን.1። በጁን 1959 ለሕዝብ ታየች።

ጁላይ 25 ቀን 1959፣ ብሌርዮ በአውሮፕላን የእንግሊዝን ባሕር ከተሻገረ ልክ በ50 ዓመቱ፣ ከፈረንሳይዋ ካሌ ተነስታ እንግሊዝ ዶቨር ገባች። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀባት። ፈጣሪው ራሱ ተሳፍሮ ነበር፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም። ሚዛን እንዲጠብቅላት ከፊት በኩል ቆሞ፣ አፍንጫዋ ሲያጋድል ወዲህና ወዲያ እያለ ተሻገረ። የታሪክ መጻሕፍት ሥዕሉን የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው፤ ዶቨር፣ ጭብጨባ፣ ድል።

እኔ ግን ከዚያች ቀን ላይ አልነሳ ያልኩት በሌላ ቁጥር የተነሳ ነው፤ 23 ሳንቲ ሜትር። ኤስ.አር.ኤን.1 ከውኃው ላይ ብድግ የምትለው ይሄን ያህል ነበር፤ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ባሕሩ ጸጥ ካለ ትሄዳለች። ትንሽ ሞገድ ከመጣ ሆዷን ይመታታል። ዳርቻ ላይ አንድ ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ካለ አለቀላት። ከፍ ትበል ከተባለ ደግሞ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር የሚያመልጠው አየር ይበዛል፣ ሞተሩም የዚያኑ ያህል መግዘፍ አለበት፤ ግዙፉ ሞተር ራሱ ክብደት ነው። በዚያን ሰሞን ዶቨር ቆሞ ያያት የጦር መኮንን «ይቺ ለትርዒት እንጂ ለውጊያ አትሆንም» ብሎ ቢሄድ ልፈርድበት አልችልም። ታራዋ ላይ ጀልባ ያስቀረውን አለት እንኳ በዚህ ከፍታ መሻገሯ ያጠራጥራል።

የለወጣት ጎማ ነው። ሴሲል ላቲመር-ኒድሃም የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ የማሽኗን ዙሪያ ታች ድረስ የሚወርድ፣ የሚተጣጠፍ ቀሚስ እናልብሳት አለ፤ ሐሳቡንም በ1961 ለሳንደርስ-ሮ ባለቤት ለዌስትላንድ ሸጠ። አየሩ ቀሚሱ ውስጥ ይታፈናል፤ ብረቱ ሆድ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሞገድ ወይም ድንጋይ ሲመጣ ቀሚሱ እጥፍ ብሎ ያሳልፈውና ይመለሳል። ያቺው ኤስ.አር.ኤን.1 1.2 ሜትር ቀሚስ ለብሳ ወደ አንድ ሜትር የሚደርስ መሰናክል መሻገር ጀመረች፤ ያውም ክብደቷ እጥፍ ሆኖ፣ ማንሻ ጉልበት ሳይጨመርላት።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩበት ነገር አለ። የፈጠራው ክብር ሁሉ የሄደው ለቆርቆሮው ነው። ኮከረል በ1969 የሰር ማዕረግ ተሰጠው፣ ይገባዋልም። ላቲመር-ኒድሃምን ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያነሳው የለም። ቆርቆሮው ማሽኗ እንደምትነሳ አሳየ፤ ዳርቻ ላይ ያወጣት ግን ቀሚሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀሚሶች ቶሎ ቶሎ እየተቀደዱ ሰውን ሲያማርሩ፣ የጎማውን ዓይነት ሲቀያይሩ፣ የታችኛውን ጠርዝ ለብቻ ለብቻ በሚንጠለጠሉ ጣቶች ሲከፋፍሉት፣ አንዱ ጣት ሲያልቅ እንደ ጫማ ሶል እሱን ብቻ ነቅለው ሲተኩ የኖሩት ሰዎች ስም የለም። የጦር መሣሪያ ታሪክ ብረት ይወዳል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሠራው በምላጭ የሚቀደድ ነገር ነው።

## ታዲያ ጥይትስ?

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ያን ቀን ያየናት ኤልካክ ትባላለች። አሜሪካኖቹ በ1970ዎቹ ጄፍ-ኤ እና ጄፍ-ቢ የተባሉ ሁለት ሙከራዎች አሠርተው ፍሎሪዳ ፓናማ ሲቲ ላይ ካነጻጸሩ በኋላ ቤል የተባለው ኩባንያ የሠራትን ጄፍ-ቢን መሠረት አደረጉ። የመጀመሪያዋን ኤልካክ በ1984 ተረከቡ፤ በጠቅላላው 91 ተሠሩ። ርዝመቷ 26 ሜትር፣ ወርዷ 14 ሜትር ገደማ ነው። ወርዷን የወሰነላት የምትጓዝበት እናት መርከብ ሆድ ነው፤ ከዚያ ወጥታ ወደዚያው ትመለሳለችና። አራት ጋዝ ተርባይን አላት፣ 60 ቶን ትጭናለች፣ ሲብስ እስከ 75። ጭነቷን ይዛ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። የምትነዳው እንደ አውሮፕላን በእግር መርገጫ ጭምር ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር የላትም፣ ስትታጠፍም ወደ ጎን ትንሸራተታለች። አንድ ነገር ደግሞ ጋሼን ደስ አሰኝቷቸዋል፤ አዛዧና ነጂዋ መኮንን አይደለም፣ ባለሌላ ማዕረግ ነው።

አካሏ አሉሚኒየም ነው። ከታች ቀሚስ፣ ከላይ ክፍት ወለል፣ ከኋላ ሁለት ግዙፍ ፕሮፔለሮች። ድምፅዋ እሷ ሳትታይ ይሰማል፤ እኛም የሰማናት በዚያ መንገድ ነው። የምታነሳው የውኃ ጉም ከሩቅ ያሳብቅባታል። መትረየስ የያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ዒላማ ቢመኝ አያገኝም።

ሆቨርክራፍት በውጊያ መሃል ተሞክራ ታውቃለች፤ ቬትናም ላይ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1966 ሦስት ወደ ሜኮንግ ደልታ ላከ፤ ምድር ጦሩም በኋላ ሦስት የራሱን አመጣ። ጀልባ የማይገባበት፣ ሰው የማይራመድበት የሸምበቆ ረግረግ ላይ እንደልባቸው ሮጡ። ግን ጩኸታቸው አስቀድሞ ይናገርባቸዋል፣ ጥገናቸው ኪስ ያራቁታል። ከምድር ጦሩ ሦስቱ ሁለቱ በ1970 ወደሙ። ሙከራው ተዘጋ።

በእርግጥ ቀሚሷ በጥይት ተበስቶ ወዲያው አትቆምም፤ ብዙ አየር ስለሚገባላት ጥቂት ቀዳዳ ችላ ትሄዳለች። ግን ሰውና ሞተር ያለው ከላይ ነው፤ እዚያ ምንም የሚረባ ጋሻ የለም። ለዚህ ነው በማሪኖቹ አሠራር ተኩስ ወዳለበት ዳርቻ ቀድመው የሚሄዱት በውኃ የሚሄዱት ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎቹና ሄሊኮፕተሮቹ የሆኑት። ኤልካክ የምትከተለው ዳርቻው ከተያዘ በኋላ ነው፤ ታንኩን፣ መድፉን፣ ውኃውንና ነዳጁን ይዛ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ አትችልም» አልኩ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

«ማን ናት የማትችለው?» አሉ። ረስተውታል። ካስታወስኳቸው በኋላ ሳቁ። «እሱማ ታየኝ እኮ፤ ቆርቆሮ ናት። እኔ ያሳሰበኝ፣ ይሄን ያህል ብር አውጥተው ጥይት የማትችል ነገር የሚሠሩት ለምን ይሆን ብዬ ነው። ሞኝ አይደሉም መቼም።» ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ጥይት በሌለበት ልትወጣ ነዋ!» አሉ።

የአንድ ወር ንባቤን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ጠላት ከመቶው 15ቱን ዳርቻ ቢጠብቅ ይበቃው ነበር፤ አሁን 70ውን መጠበቅ አለበት። ማን ይችላል? የትኛውም አገር ያን ያህል ጦር የለውም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ይኖራል፣ ማሽኗም የተሠራችው ለዚያ ባዶ ቦታ ነው።

## ኩዌት ፊት ለፊት

ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በ1991 መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሪኖች ከነሆቨርክራፍቶቻቸው ኩዌት ፊት ለፊት ባሕር ላይ ሰፍረው ነበር። ኢራቆች በባሕር እንደሚመጡባቸው እርግጠኛ ሆኑ። ዳርቻውን ምሽግ በምሽግ አደረጉት፣ ከሺህ በላይ ፈንጂ ባሕር ውስጥ ዘሩ፣ በርካታ ክፍለ ጦር ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ተቀመጠ። ፌብሩዋሪ 18 ትሪፖሊና ፕሪንስተን የተባሉት የአሜሪካ መርከቦች በአንድ ጠዋት ፈንጂ መታቸው፤ ስለዚህ ማስፈራሪያው በነጻ የተገኘ አልነበረም። ዋናው ጦር ግን የመጣው በበረሃ በኩል ነው። በባሕር በኩል ተብሎ የተጠበቀው ማረፍ ሳይደረግ ጦርነቱ አለቀ። ባሕሩን ሲጠብቅ የነበረው ጦር ጀርባውን ተመታ።

ሆቨርክራፍቷ እዚያ ምን ሠራች ቢባል፣ «ትመጣ ይሆናል» ተብላ ተፈራች። እኔን ይሄ መልስ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም፤ ያልተደረገ ነገር ምን ያህል እንደረዳ ማን ይመዝነዋል? ጄኔራል ሁሉ ያልተጠቀመበትን መሣሪያ «በመኖሩ ብቻ ጠቀመን» ማለት ይወዳል። ኩዌት ላይ ግን ፊታቸውን ወደ ባሕር ያዞሩት ምሽጎች ራሳቸው ምስክር ናቸው።

ከዚያ የሆነው ነው ይበልጥ ያስገረመኝ። ኤፕሪል 29 ቀን 1991 ባንግላዴሽን የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 140 ሺህ ሰው ገደለ። ከባሕረ ሰላጤው ወደ አገሩ ሲመለስ የነበረው ያው የማሪን ኃይል መንገዱን ወደዚያ እንዲያዞር ታዘዘ። የባንግላዴሽ ጠረፍ ለመርከብ የማይመች ጭቃና ደለል ነው፤ ወደቦቹ ተሰባብረዋል፤ ደሴቶቹ ተቆርጠዋል። ባሕሩ የጉድጓዱን ውኃ ሁሉ አጨቅይቶት ስለነበር የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ቃል በቃል ደርሷል። ኤልካኮቹ ኩዌት ላይ ያልወጡትን መውጣት እዚህ ወጡ፤ ታንክ ሊጭኑበት ባዘጋጁት ወለል ላይ ምግብ፣ መድኃኒትና ንጹሕ ውኃ ጭነው፣ ጭቃውን ተሻግረው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስንከታተል ነገሩ ይደጋገማል። ጎረቤታችን ሞቃዲሾ ላይ በዲሴምበር 1992 ማሪኖቹ በጨለማ ሲወርዱ የጠበቃቸው የጋዜጠኞች የካሜራ መብራት ነበር፤ ሆቨርክራፍቶቹም ሳይተኮስባቸው ወጡ። በ2004ቱ ሱናሚ ኢንዶኔዥያ፣ በ2010 ሄይቲ፣ በ2013 ፊሊፒንስ፤ ወደብ በፈረሰበት ሁሉ እነሱ አሉ። በጥይት መሃል ዳርቻ ሰብሮ መውጣት ግን እስካሁን አላደረጉም። ጋሼ ትክክል ነበሩ።

## ታንኩ ሲቀር

ሩሲያዎቹ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው፤ በአጭሩ ልንካው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሉት ዙብር የሚባሉት የዓለም ትልቋ ሆቨርክራፍት ናቸው፤ 57 ሜትር ርዝመት፣ ሦስት ታንክ ወይም 500 ወታደር፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። እናት መርከብ አይፈልጉም፤ ባልቲክን በመሰለ ጠባብ ባሕር ከራሳቸው ጠረፍ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ማዶ እንዲሻገሩ ነው የታሰቡት። ስለዚህ መድፍና ሮኬት ታጥቀዋል። ግሪክ ገዝታቸዋለች፣ ቻይናም ከዩክሬን አሠርታለች። እኔ የማልረሳው ግን የኦገስት 2013ን ቪዲዮ ነው። ካሊኒንግራድ አጠገብ ሰው በመዋኛ ልብስ ፀሐይ በሚሞቅበት ዳርቻ አንዷ ዙብር እያጓራች መጥታ ሰዉ መሃል አረፈች። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ቦታው የጦሩ ነው፣ ልምምዱም በዕቅድ ነው አለ። ሰዎቹ ፎጣቸውን ሰብስበው ትንሽ ፈቀቅ አሉላት።

አሜሪካኖቹ ያረጁትን ኤልካኮች በአዲስ መተካት ጀምረዋል። የመጀመሪያዋን አዲስ በፌብሩዋሪ 2020 ተረከቡ፤ ሳይብስባት በመደበኛው 74 ቶን ትጭናለች፣ ምክንያቱም ታንኩ በየጊዜው እየከበደ ሄዷል። ልብ በሉ፣ በሚቀጥለው ወር የማሪኑ ጦር ያሉትን ታንኮች በሙሉ እንደሚተው አስታወቀ። በ2021 ታንክ የሚባል አልቀረውም። መላ አካሏ በአንድ ታንክ ልክ ተሰፍቶ የተሠራ ማሽን ሲመጣ ታንኩ ሄደ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ፋብሪካው ይሠራል፣ ውል አለ፤ እንግዲህ ሌላ ጭነት መፈለግ ነው።

የተገኘውም ጭነት የሚያስገርም ነው። በኦገስት 2021 ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ በተደረገው ልምምድ ኤልካክ ያወጣችው ነጂ የሌለው፣ ፀረ መርከብ ሚሳኤል የተሸከመ ተሽከርካሪ ነው። ተሽከርካሪው ከዳርቻው ሆኖ ተኮሰና ባሕር ላይ የቆመች ያረጀች የጦር መርከብ መታ። ከባሕር መጥቶ ዳርቻ ለመያዝ የተፈጠረችው ጀልባ አሁን የምታራግፈው ከባሕር የሚመጣውን የሚመታ ነገር ነው። ያ ሚሳኤል ተጠምዶ የሚጠብቀው ዳርቻ ላይ ደግሞ፣ ሌላ አገር የሠራት ሌላ ሆቨርክራፍት ባዶ ቦታ ፍለጋ ትመጣ ይሆናል፤ እናት መርከቧ በምን ያህል ርቀት ቆማ እንደምትለቃት ነው አሁን በየወታደራዊ መጽሔቱ የሚከራከሩበት።